የመረጥናቸው ሰዎች የሰፈራችንን ወሬ ይንገሩን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ትራንስፖርት የምታወጧቸውን የአንባቢያን ደብዳቤዎች ሁሌም አነባለሁ። ብዙዎቹ ውስጥ አንድ ቅሬታ ተደጋግሞ ይመጣል። "ማን ነገረን?" የሚል። አንዳንዴ አገልግሎቱ አለ። በጀት ተይዞለታል፣ ሠራተኛ ተመድቦለታል። እኛ ግን መኖሩን የምንሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ይህን የመንገር ሥራ ማን ይሥራው በሚለው ላይ ሐሳብ አለኝ። የመረጥናቸው ተወካዮች ይሥሩት እላለሁ።

አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት። የከተማው ምክር ቤት ደግሞ 138 መቀመጫ አለው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ለሁለቱም በአንድ ቀን ነው ድምፅ የሰጠነው። 138ን ለ23 ካካፈልነው ለአንድ የምርጫ ክልል በአማካይ 6 ሰው ይደርሰዋል። የፌዴራሉ ሲጨመር 7 ይሆናሉ። ሰባት ሰው ብዙ ነው። ሆኖም እኔ በምኖርበት በአራት ኪሎ አካባቢ ቡና ላይ ስንጫወት ብጠይቅ፣ ሰባቱን ቀርቶ አንዳቸውን በስም የሚጠራልኝ ጠፋ። ፓርላማው እዚሁ አጠገባችን ነው። ታክሲ የምንጠብቀው የሰዓቱን ማማ እያየን ነው።

መረጃ አለማግኘት ሰውን ምን እንደሚያስከፍል በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት አሉ። ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። የጤና መድን አባል ናቸው። የመድኑ አሠራር የታወቀ ነው፤ መዋጮው በየዓመቱ ይከፈላል፣ መታወቂያው ይታደሳል፣ ያልታደሰለት ሰው እንደማንኛውም ታካሚ ከኪሱ ይከፍላል። እሳቸው የማሳደሻው ጊዜ ማለፉን ያወቁት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሄደው መስኮቱ ላይ ሲመለሱ ነው። ለልጃቸው ልጅ ደብተር መግዣ ያስቀመጡትን ብር አውጥተው መድኃኒት ገዙ።

በኋላ አብሬያቸው ወደ ወረዳው ሄድኩ። ማስታወቂያው ወጥቶ ነበር። ከበሩ በስተግራ ባለው ሰሌዳ ላይ፣ በአንድ የጨረታ ማስታወቂያና በአንድ የስብሰባ ጥሪ መካከል ተለጥፏል። ታችኛው ጫፉ በዝናብ ርሶ ተጠቅልሏል። ክብ ማኅተሙ ቀለሙ ፈሶ ግማሹን ፊርማ ሸፍኖታል። ቀኑ የተጻፈበት መስመር ደግሞ በላዩ በተለጠፈ ሌላ ወረቀት ተከድኗል። ወረዳው "አሳውቀናል" ቢል አልዋሸም። እኚህ እናት ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያለ ጉዳይ ዳገቱን ወጥተው ሰሌዳ አያነቡም። ስማርት ስልክ የላቸውም። የልጅ ልጃቸው ስልክ ቢኖረውም የወረዳውን የቴሌግራም ቻናል አያውቀውም።

ታናሽ እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። አበሻ የሚበዛበት አካባቢ ነው። ይህን ሳወራላት የሷን ነገረችኝ። የሜሪላንድ ግዛት ለምክር ቤት ምርጫ በ47 ክልሎች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ክልል አንድ ሴናተር አለው፣ የታችኛው ምክር ቤት አባላት ደግሞ በጠቅላላው 141 ናቸው። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ ለ90 ቀን አናፖሊስ ተሰብስበው ሕግ ያወጣሉ። ከዚያ ወደየሰፈራቸው ይመለሳሉ። አብዛኞቹ ሌላ መተዳደሪያ ሥራ አላቸው። ለእህቴ ክልሏን የሚወክሉት ሴት በኢሜይል ዜና ይልኩላታል። ምክር ቤቱ ምን እንደወሰነ አጠር አድርገው ይጽፋሉ። ከዚያ የሰፈሩ ጉዳይ ይቀጥላል። የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ፣ ነፃ ክትባት የት እንዳለ፣ ግብር ማስታወቂያ ለመሙላት ለአቅመ ደካሞች የት እርዳታ እንደሚሰጥ፣ ቅዳሜ ፓርኩ ውስጥ ምን ዝግጅት እንዳለ። ታች የቢሮ ስልክ አለ።

እህቴን በጣም የጠቀማት አንድ ነገር አለ። በሜሪላንድ የምክር ቤት አባላት በክልላቸው ለሚኖሩ ተማሪዎች የሚሰጡት የኮሌጅ ድጋፍ ገንዘብ አለ። ሕጉ የፈቀደው ነው። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በደረሰ ጊዜ የማመልከቻውን ቀን ያየችው በዚያ ኢሜይል ላይ ነው። ባታየው ኖሮ እንደዚህ ያለ ነገር መኖሩንም አታውቅም ነበር።

"እነሱ ሀብታም ናቸው" የሚለኝ አይጠፋም። አንድ ገጽ ጽሑፍ ግን ሀብት አይጠይቅም። እዚህ አገር እድር ስንት ዘመን ሙሉ ያለ ኢሜይል ሲሠራ ኖሯል። ሰው ሲሞት ለፋፊው ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባውን ይዞ መንደሩን ያዳርሳል፤ ስሙን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ተናግሮ ያልፋል፣ ያልሰማ ቤት አይኖርም። ተወካዮቻችን ከዚህ የበለጠ መሣሪያ በእጃቸው አለ። አጭር የጽሑፍ መልዕክት አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ የፎቶ ኮፒ ቤት በየመንገዱ አለ።

ሌላው የሚነሳው ነገር "ማሳወቅ የወረዳ ሥራ ነው፣ የምክር ቤት አባል ሥራ ሕግ ማውጣት ነው" የሚል ነው። ግማሹ ልክ ነው። ወረዳ ማሳወቅ አለበት። ነገር ግን ወረዳ የሚናገረው ስለራሱ ሥራ ነው። ውሃ ስለራሱ፣ መብራት ስለራሱ፣ ትራፊክ ፖሊስም ስለራሱ ይናገራል። ሁሉንም ሰብስቦ "በእናንተ ሰፈር በዚህ ወር ይህ ይሆናል" የሚል ሰው የለም። ተወካይ ይህን ቢሠራ ሁለተኛ ጥቅም አለው። ለመጻፍ ሲል መጠየቅ ይኖርበታል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣው በየትኛው ቀን እንደሆነ ሊጽፍ ከፈለገ ደውሎ ይጠይቃል። በተባለው ቀን ካልመጣ ደግሞ ሰው መልሶ ለሱ ይደውላል። ቁጥጥር የምንለው ሥራ እንዲህ ነው የሚጀምረው። አሁን እኛ ለመብራት 905፣ ለውሃ 906 እንደውላለን፣ ተራ እንጠብቃለን፣ ቅሬታችንን እናስመዘግባለን። ተወካያችን ግን በእሳቸው ክልል ስንት ቤት ውሃ እንዳጣ በምን ያውቃሉ?

የመሐል ከተማው ሰው ደግሞ ከሌላው በላይ ይህን ይፈልጋል። በዓሉም ሰልፉም ሩጫውም እኛ ጋ ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ መኪና አያልፍም። መስከረም 16 ደመራ አለ። የካቲት 23 ፒያሳ ላይ ዓድዋ ይከበራል። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ አለ። እነዚህን በዓላት እንወዳቸዋለን፣ ልጆቻችንን ይዘን የምንወጣባቸው ቀኖች ናቸው። ፖሊስም የሚዘጉትን መንገዶች በቴሌቪዥን ያሳውቃል። ግን ማስታወቂያው ለመላው ከተማ ነው። በዚያ ቀን የኩላሊት እጥበት ተራ ያለው የሰፈሬ ሰው በየትኛው ቅያስ ወጥቶ የት መኪና እንደሚያገኝ አይነግረውም። ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ በየት በኩል እንደሚገባላት አይነግራትም። ይህን ማወቅ የሚችለው ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የተነሱት ጎረቤቶቻችን ጉዳይ ነው። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ መስመሩን ሲይዝ ብዙ ሰው ከኖረበት ተነሳ። ቀጥሎ ካዛንቺስ ተነሳ፤ ከዚያ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። ስለ ልማቱ ጥቅምና ጉዳት ሌላ ጊዜ ይጻፍ። እኔ የማወራው ከተነሱ በኋላ ስላለው ነው። ሰው ሰፈር ሲቀይር ሕይወቱ በሙሉ በወረቀት ይታሰራል። ከወረዳው መሸኛ ማውጣት አለበት። የልጆቹን መልቀቂያ ከትምህርት ቤት መቀበል አለበት። የጤና መድኑን ማዛወር፣ አዲሱ ሰፈር ላይ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚያክመው ማወቅ አለበት። ይህን ሁሉ ሰው ከሰው እየጠየቀ ነው የጨረሰው። አንዱ "መሸኛ ሳትይዝ እንዳትሄድ" ይላል፣ ሌላው "እዚያው ይሰጥሃል" ይላል። ፒያሳ እያለ የመረጣቸው ተወካይ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅተው "መጀመሪያ ይህን አድርጉ፣ ቀጥሎ ይህን፣ ችግር ከገጠማችሁ በዚህ ደውሉልኝ" ቢሉት ስንት መመላለስ ይቀርለት ነበር! አሁን ደግሞ በሌላ የምርጫ ክልል ውስጥ ነው ያለው። አቤቱታውን ለድሮው ተወካይ ያቅርብ ወይስ ለአዲሱ? ይህንንም የነገረው የለም።

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ላይ ዝም አላለም። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። የተመረጠ ሰው ኃላፊነቱን ካጓደለ ተጠያቂ ነው፣ ሕዝብ አመኔታ ካጣበትም ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። አንቀጽ 54ም ይህንኑ ለምክር ቤት አባላት ይደግመዋል። ታዲያ የሚሠራውን የማላውቀውን ሰው እንዴት አምነዋለሁ? አመኔታዬንስ እንዴት ነው የማነሳው? መመዘኛ የሚሆነኝ መረጃ ነው። ለነገሩ የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ለተጠየቀው መረጃ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ይህን መብት በሰፈሬ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ተወካዮቻችን በመጀመሪያው ወረቀታቸው ይህን ቢያስተምሩን ደስ ይለኛል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ የሚጀምረው በመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። መሐል ላይ እረፍት አለ። አባላት በእረፍታቸው ወደ መራጩ ወርደው ውይይት እንደሚያደርጉ በዜና እንሰማለን። መልካም ነው። ግን አዳራሽ ውስጥ የሚገባው የተጠራ ሰው ነው፣ እኔ እስካሁን ጥሪ ደርሶኝ አያውቅም። ሱቅ ጠባቂው፣ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ፣ የታክሲ ረዳቱ በሥራ ቀን ጠዋት አዳራሽ አይቀመጡም። በወር አንዴ የሚመጣ ወረቀት ግን ሁሉም ጋ ይደርሳል።

ወረቀቱ ግን እንደለመድነው የጉብኝትና የምረቃ ፎቶ እንዳይሆን አደራ። የማንም ፓርቲ ቅስቀሳ ሊሆንም አይገባም። የአሜሪካ ፌዴራል ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ገንዘብ ለመራጮቻቸው ደብዳቤ መላክ ይፈቀድላቸዋል፤ ምርጫ 60 ቀን ሲቀረው ግን የጅምላ ደብዳቤ መላክ ክልክል ነው። እኛም እንዲህ ያለ ገደብ ከመጀመሪያው ብናበጅለት ማንም ለራሱ መወደሻ አያደርገውም። ጽሑፉ አጭር ይሁን፣ ፊደሉ ለአረጋውያን ይጉላ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይውጣ። ቀን፣ ቦታ፣ የሚያስፈልገው ማስረጃ፣ የሚከፈለው ብር ይጻፍ። ለምሳሌ መሶብ የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት የበርካታ መሥሪያ ቤቶችን ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር ይጨርሳል። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የትኛው ጉዳይ እዚያ እንደሚያልቅ የማያውቅ ሰው ግን አሁንም በድሮው መንገድ ይንከራተታል። ደግሞም ያልሆነው ነገር አይደበቅ። "ስለ ውሃው ጠይቄ መልስ አላገኘሁም፣ በሚቀጥለው ወር እመለስበታለሁ" ቢሉን እንኳን እናከብራቸዋለን።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ልመና አለኝ። በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ገጽ ለዚህ ስጡ። ከአንድ የምርጫ ክልል ብትጀምሩ ይበቃል፤ ከአራዳ ክፍለ ከተማ አንዱን ምረጡ። ለተወካዮቹ እናንተ ጻፉላቸው፣ የጋዜጣ ጥያቄ ከኔ ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል። ገጹ ሲወጣ ኮፒ አባዝቶ በጊዮርጊስ በርና በበኒን መስጊድ በኩል ማደሉን፣ ለእድሩ አባላትም ማድረሱን እኔና ጥቂት የሰፈር ልጆች እንወጣዋለን። የእድራችንን ጸሐፊ አነጋግሬያቸው በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ጮክ ብለው ሊያነቡት ተስማምተዋል። የቀረን ከተወካዮቻችን የሚመጣው ጽሑፍ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የአራት ኪሎ አካባቢ ነዋሪ፣ አዲስ አበባ