ለጋራዥና ለባጃጅ ቤተሰቦቻችን

ሰላም እንዴት ናችሁ የግሩፓችን አባላት፣ አንድ ነገር ላንሳ። ጎንደር የመኪና ፋብሪካ ስለሌላት የመኪናው ሥራ ከተማችንን የሚያኖራት አይመስለንም፣ ግን ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ስትሄዱ እዩት እስቲ፣ ጎሚስታው፣ ላቫጆው፣ በያጁ፣ መለዋወጫ ሻጩ፣ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ፣ ለነሱ ምሳ የምታቀርበው እናት ሳትቀር ከዚሁ ነው የምትበላው። ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ የሚመጣው አይሱዙም ሲበላሽ የሚደርስለት የኛ መካኒክ ነው። ባጃጁ ህንድ ይሠራ እንጂ ጥገናው እዚህ ነው፣ እንጀራውም እዚህ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ መንግሥት በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያለው ነገር ነው። በቦታው የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይቀየርለት፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለው፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለው፣ ጎማና የፍሬን ሸራ ግን አለው። ያሉት አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፣ ቢሆንም ልጆቻችን ስለ ባትሪውና ስለ ከፍተኛ ቮልቴጁ ካሁኑ ካልተማሩ ሥራው ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እሁድ ከሰዓት አዘዞ እንገናኝና ቴክኒክና ሙያ ሄደን ሥልጠና እንዲከፍቱልን እንዴት እንደምንጠይቅ እንነጋገር፣ ጋራዥ ያላችሁ ረዳቶቻችሁንም ይዛችሁ ኑ በናታችሁ።