የእምዬ ጠላ፣ ለሙት ዓመቷ

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ኅዳር 6 የእምዬን የቍስቋም ጽዋ እንዳላስታጎላችሁት ስሰማ ደስ አለኝ። እቴጌ ምንትዋብ ካሠሯት ደብር አስቀድሳ ሳትመለስ በዚያ ቀን እህል አትቀምስም ነበር።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ ጥር 30 ነው። በስልክ «ለአርባዋ ጠላው አሳፍሮናል፣ ለሙት ዓመቷ ቢራ እናውርድ» ካልሽኝ ወዲህ ሐሳቤ እዚያው ነው። እምዬን አገሩ የሚያውቃት በጠላዋ ነው። የጎረቤቱ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር በደረሰ ቁጥር «እሷ ትጥመቅልን» እየተባለች ስትጠራ ኖረች፤ እናታችንንና አጎቶቻችንንም ያሳደገችው ጠላ እየሸጠች ነው። በእሷ ቀን ቢራ ቀርቦ ማየት አልፈልግም። መንገዷን ሳልቀንስ ልጻፍልሽ፣ ለልጆችሽም አስቀምጪው።

ለአርባዋ የሆመጠጠበት ምክንያት ከነገርሽኝ ይገባኛል፤ እንኩሮው፣ ያ ምጣድ ላይ የታመሰው የገብስ ዱቄት፣ ትኩሱን ገብቷል። ትኩስ እንኩሮ ጥንስሱን ይገድለዋል፣ ድፍድፉም ሳይፈላ ይቆይና ይሆመጥጣል። እምዬ እንኩሮውን ሰሌን ላይ በስሱ ዘርግታ፣ እጇን እስከ አንጓዋ ከታ ከሥሩ ሙቀት እንደሌለው ሳታይ አንድ እፍኝ አታስገባም። ማታ የተነኮረውን ለጠዋት አሳድሪው።

መጀመሪያ ጋኑ። ዓመት ሙሉ ባዶ ስለተቀመጠ ውሃ ሞልተሽ አሳድሪው፤ ከሥሩ ካራሰ ተሰንጥቋል፣ ሌላ ፈልጊ። ካልራሰ በግራዋ ቅጠል ፈትገሽ እጠቢው፤ የግራዋው ምሬት እስኪለቅ ደጋግመሽ አለቅልቂው። ከዚያ የወይራ ስባሪ ፍም ላይ አድርገሽ ጋኑን ድፊበት፤ እሳቱ እንዳይነድ፣ ጭሱ ብቻ ነው የሚፈለገው። ሆዱን ስትዳብሺው ሞቅ ካለሽ በቃው። የላስቲክ በርሜል ቢያበድሩሽ አትቀበይ፣ አይታጠንም።

ብቅሉ ከገና በፊት ይድረስ። 4 ኪሎ ገብስ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይዘፍዘፍ፤ ውሃውን አጥልለሽ በኮባ ቅጠል ወይም በእርጥብ ጆንያ ሸፍነሽ ሦስት ቀን ያህል አቆይው። ውፍረቱ ከሦስት ጣት አይለፍ፤ ከተከመረ መሃሉ ይግላል፣ ይሻግታል፣ የሻገተ ብቅል ደግሞ ጠላውን ከጅምሩ ያበላሸዋል። ሲበቅል በፀሐይ በደንብ አድርቀሽ አስፈጪው።

ለትልቁ ጋን የእምዬ መጠን 8 ኪሎ ዳጉሳ ለቂጣው፣ 12 ኪሎ ገብስ ለአሻሮው፣ 2 ኪሎ ጌሾ ነው። ጌሾውን ስትገዢ እሺው፤ ሽታ ከሌለው ያረጀ ነው። ቅጠሉንና እንጨቱን ለይተሽ አስወቅጪ።

ከጥር 10 እስከ 12 ከተራው፣ ጥምቀቱ፣ ቃና ዘገሊላው ነው፤ ሰው ሁሉ ባሕረ ጥምቀት ይውላል፣ ቤቱም በእንግዳ ይሞላል። ስለዚህ ጥር 13 የጌሾውን ቅጠል በ15 ሊትር ያህል ውሃ ጋኑ ውስጥ በጥብጪ። ጥር 16 ብቅሉን ጨምሪ። ጥር 18 የዳጉሳውን ቂጣ ቆራርሰሽ ከጌሾው እንጨት ጋር ክተቺ። ቂጣው ወፈር ይበል፣ ፊቱ ጠቆር ይበል፣ ግን አይክሰል፤ የከሰለ ቂጣ ምሬት በጌሾው ላይ ተደርቦ ጉሮሮ ይይዛል። እምዬ ቂጣውን ከምጣዱ ስታወጣ በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ ሥሩን ታይ ነበር፤ ቡናማ ከሆነ ይገባል፣ ጥቁር ከሆነ ታስቀረዋለች።

የገብሱን አሻሮ ደግሞ አምሰሽ ካስፈጨሽ በኋላ ዱቄቱን ውሃ እያርከፈከፍሽ ምጣድ ላይ አንኩሪው። እምዬ አንድ እፍኝ ጨብጣ ትለቀው ነበር። ተጨብጦ ከቀረ ውሃ በዝቶበታል፣ ገና ይታመሳል፤ ጨብጠሽው ስትለቂው ፍርክስ ካለ ደርሷል። ጥር 20 የቀዘቀዘውን አስገብተሽ አማስዪ፣ አፉን በኮባ ሸፍነሽ በጭቃ ምረጊው። እስከ ጥር 28 ማንም አይክፈተው፤ በተለይ ልጆቹን ጠብቂ።

ቀኖቹን የጻፍኩት ለመንገድ ያህል ነው። የጥር ሌሊት ብርድ ጥንስሱን ያዘገየዋል። እምዬ መዳፏን ጋኑ ሆድ ላይ አሳርፋ ሙቀቱን፣ ጆሮዋን አፉ ላይ ደፍታ ድምፁን ትሰማ ነበር። ከተንሾከሾከ ሕያው ነው።

ጥር 28 ውሃውን ሙይበት፣ ወደ 60 ሊትር። የቧንቧው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቀድመሽ ቅጂ፤ ዘይት የነበረበትን ጄሪካን ግን እንዳትነኪ፣ ሽታው ታጥቦም አይለቅም። ጥር 30 ጠዋት ሳትበጠብጪ ከላይ የጠለለውን ቅጂና አስቀድመሽ ለካህናቱ አቅርቢ። ለፍትሐቱ የክርስትና ስሟን ወለተ ማርያም ብለሽ ጻፊላቸው፤ ባለፈው በዓለም ስሟ ተጠርቶ ነበር፣ ከነከነኝ። ከላዩ ሲያልቅ ውሃ ጨምረሽ ቅራሪውን ለጎረቤት ልጆች አውጪ፣ አተላውን ላም ላላቸው ስጪ። እምዬ አተላ ደጅ ሲደፋ አትወድም ነበር።

ለእህሉና ለጌሾው የሚሆን ገንዘብ በአጎታችን በኩል ልኬያለሁ።

አንድ ነገር ለምኜሻለሁ። ጥር 19 ማታ ደውይልኝና ስልኩን ጋኑ አፍ ላይ አስጠጊልኝ። ከተንሾከሾከ በማግስቱ እንኩሮውን አስገቢ፤ ዝም ካለ አንድ ቀን እንታገሠዋለን።

እኅትሽ