ርዕስሽን አትቀይሪ፦ ደብዳቤ ለልጄ

የኔ ልጅ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስልክ ላይ "አማካሪዬ አር ኤን ኤ የመድኃኒት ዒላማ ለመሆን አይመችም፣ ሌላ የምርምር ርዕስ ፈልጊ አለኝ" ስትዪኝ አልተዋጠልኝም። አር ኤን ኤ እኮ ከጂን ተቀድቶ ሴሉ ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያገለግለው ሞለኪውል ነው። አሁን ፋርማሲውን ዘግቼ ነው የምጽፍልሽ። ሂርማታ ያለው መደርደሪያችን ላይ የቲቲሲ (ቴትራሳይክሊን) የዓይን ቅባት አለ። የሚሠራው እኮ የባክቴሪያው ራይቦዞም፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራበት ማሽን፣ አር ኤን ኤ ላይ ተጣብቆ ነው። ለትራኮማ የሚታደለው አዚትሮማይሲንም፣ ጄንታማይሲን መርፌም እንደዚያው። ይኼን ሁሉ ዘመን አር ኤን ኤ የሚይዝ መድኃኒት ስንሸጥ ኖረናል።

የሰው አር ኤን ኤ ላይስ ካልሽ፣ ሪስዲፕላም አለልሽ። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ በአፍ የሚወሰድ ነው። ጡንቻቸው የሚሰልል ሕፃናት ኤስኤምኤን1 የሚባለው ጂናቸው አይሠራም። ምትኩ ኤስኤምኤን2 አለ፤ ግን አር ኤን ኤው ተቆርጦ ሲገጣጠም ኤክሶን 7 የሚባለው ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ ተዘሎ ይቀራል። መድኃኒቱ ያቺ ቁራጭ እንድትገባ ያደርጋል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የአማካሪሽ ስጋት ግን እውነት አለው። አር ኤን ኤ ይተጣጠፋል፣ መድኃኒት የሚገባበት ጥልቅ ኪስ ብዙም የለውም፣ ቻርጁ ኔጋቲቭ ስለሆነ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ሁሉ ይለጠፍበታል። ሴል ውስጥ ካለው አር ኤን ኤ ደግሞ 80 በመቶ ገደማው የራይቦዞም ነው። ሞለኪውልሽ ዒላማው ጋ ሳይደርስ እዚያው ተውጦ ሊቀር ይችላል።

ያልታሰበ ቦታ የመጣበቅን መዘዝ እኔ ከሰው አፍ ነው የሰማሁት። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሊንዞሊድ የሚወስዱ አንድ አባት "ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል፣ ጫማዬ ይውለቅ አይውለቅ አይታወቀኝም" አሉኝ። ሊንዞሊድ የባክቴሪያ ራይቦዞም ላይ የሚጣበቅ ነው፤ የኛም ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) የራሱ ራይቦዞም አለው፣ የባክቴሪያውን ይመስላል፤ ሊንዞሊድ እሱንም ይነካዋል። እንደ ሪስዲፕላም የአር ኤን ኤ አገጣጠምን የሚለውጠው ብራናፕላምም፣ ሀንቲንግተን ለሚባለው የአንጎል በሽታ ሲሞከር ነርቭ የመጉዳት ምልክት ስለታየበት እ.ኤ.አ. በ2022 ቆመ።

ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ሞለኪውል ጀምሮ ከዒላማሽ ጎን የራይቦዞም አር ኤን ኤና ቲ-አር ኤን ኤ (አሚኖ አሲድ ወደ ራይቦዞም የሚያመላልሰውን) አስቀምጪ፤ የትኛው ላይ ይበልጥ እንደምትጣበቅ ለኪ። መጣበቋ ብቻም አይበቃም፤ ከተጣበቀች በኋላ ሴሉ ውስጥ ምን እንደተለወጠ አሳዪ። አማካሪሽን የሚያሳምነው ይህ ነው።

ፕሮፖዛሉን እንደጨረስሽ ላኪልኝ፤ የጎንዮሽ ጉዳቱን ክፍል አብረን እናየዋለን። እናትሽ ቡናና በርበሬ አዘጋጅታለች፣ ሰው ስናገኝ እንልካለን።

አባትሽ፣ ከጅማ