ስለ ዘጠኙ ሐምራዊ ድንጋዮች ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፦

ባለፈው ኅዳርና ታኅሣሥ «ቦልትስበርን፣ ሩክሆፕ፣ ዊርዴል» የሚል መለያ ያላቸውን 9 ሐምራዊ የፍሎራይት ድንጋዮች ሸጠንላችሁ ነበር። ፍሎራይት በብዙ ቀለም የሚገኝ ክሪስታላዊ ማዕድን ነው፤ ቦልትስበርን ደግሞ በሰሜን እንግሊዝ በዊርዴል ሸለቆ የነበረ ማዕድን ማውጫ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ እነዚህን ድንጋዮች እንድትመልሱልን፣ ወይም ድንጋዩን ማስቀረት ከፈለጋችሁ መለያውን እንድንቀይርላችሁ ልጠይቃችሁ ነው። ድንጋዮቹ እውነተኛ ፍሎራይት ናቸው፤ በዚህ በኩል ጥርጣሬ የለኝም። ያልተረጋገጠው የመጡበት ቦታ ነው። እርግጠኛ ሳልሆን የቦታውን ስም በመለያው ላይ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታም እጠይቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመስከረም ወር በሰሜን እንግሊዝ የአንድ ሟች ሰብሳቢ ንብረት ሲሸጥ 14 ድንጋዮች የያዘ የእንጨት ሣጥን ገዛሁ። ድንጋዮቹ በጋዜጣ ተጠቅልለዋል፤ በእጅ የተጻፉት የመለያ ወረቀቶች ግን ከድንጋዮቹ ተለይተው በሣጥኑ ግርጌ ተደራርበዋል። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነበብኩ፣ በቀለምና በመጠን እየገመትኩ ከድንጋዮቹ ጋር አጣመርኳቸው። ግምት መሆኑን ልነግራችሁ ይገባ ነበር፤ አልነገርኳችሁም።

በጥር ወር አንዲት ደንበኛችን ድንጋያቸውን በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ቢያዩት ምንም እንዳልበራ ጻፉልን። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነበር። ከዊርዴል ሸለቆና ከአካባቢው የሚወጣው ፍሎራይት እንዲህ ባለ መብራት ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። ይህን የሚያደርገው በክሪስታሉ ውስጥ የካልሲየምን ቦታ የያዘው ዩሮፒየም የተባለ ጥቂት ንጥረ ነገር ነው። በዚያው ሸለቆ ካለው ከሮጀርሊ የሚወጣው አረንጓዴ ፍሎራይት ደግሞ መብራት እንኳ አይፈልግም፤ ከጓዳ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ ስትይዙት አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ሐምራዊ ሲለወጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የካምብሪጁ ሊቅ ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ በ1852 ይህን የብርሃን ጠባይ ሲያጠና ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ ከዊርዴል ጎረቤት ከኦልስተን የመጣ ፍሎራይት ነበር። ክስተቱን «ፍሎረሰንስ» ብሎ የሰየመውም በዚሁ ድንጋይ ነው፤ ለቃሉ አሠራር አርአያ ያደረገው ከኦፓል ስም የወጣውን «ኦፓለሰንስ» የሚል ቃል ነበር። ከእኛ ዘንድ የደላንታን ኦፓልና የእንግሊዝን ፍሎራይት የገዛችሁ ሰዎች ቃላቱን የወለዱትን ሁለቱን የድንጋይ ዓይነቶች በአንድ መደርደሪያ አስቀምጣችኋል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ሆኖም አንድ ድንጋይ አለመብራቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ያልተሸጡትን 5 ድንጋዮች አውጥቼ በአጉሊ መነጽር መረመርኳቸው። በሦስቱ ግርጌ ላይ ነጫጭ፣ ስስ ዝርግ ቅርጽ ያላቸው ክሪስታሎች ነበሩ። ባራይት የተባለ ሌላ ማዕድን ናቸው። ይህን ከመሸጤ በፊት ማየት ነበረብኝ፤ ምክንያቱም በዊርዴልና በአካባቢው ባራይትና ፍሎራይት በአንድ ሥር (የዐለት ስንጥቅን በሞላ ማዕድን) ላይ አብረው የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ መለያ ላይ የሚጻፍ የቦታ ስም ከጌጥ በላይ መሆኑን የሚያሳይ ነውና። ጂኦሎጂስቱ ኪንግስሌይ ደንሃም ዊርዴል የሚገኝበትን የሰሜን ፔናይን ተራራማ አካባቢ የማዕድን ሥሮች ሲያጠኑ፣ ፍሎራይት በመካከለኛው ክልል፣ ባራይት ደግሞ በዙሪያው ባለው ዳርቻ እንደሚገኝ አስተዋሉ። ከመሬት በታች የግራናይት ዐለት መኖር አለበት የሚል ግምትም ነበር። በ1960 በሩክሆፕ ቁፋሮ ተጀመረ፤ መሰርሰሪያውም 390 ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ በእርግጥ ግራናይት አገኘ። የሚገርመው ግን ግራናይቱ ከላዩ ካለው የኖራ ድንጋይ በዕድሜ የሚበልጥ ሆኖ መገኘቱ ነው። የኖራ ድንጋዩ የተነጠፈው አስቀድሞ በተሸረሸረ ግራናይት ላይ ነበር። ስለዚህ ማዕድኑን ያመጣው ቀልጦ የወጣው ግራናይት ራሱ ሳይሆን፣ ከብዙ ዘመን በኋላ በስንጥቆቹ ውስጥ ወደ ላይ የወጣ ጨዋማ ትኩስ ውሃ ነው። ውሃው ትኩስ በነበረበት መካከል ፍሎራይት ተጋገረ፤ ወደ ዳር እየራቀ ሲቀዘቅዝና ከሌላ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ባራይት ተጋገረ። ሩክሆፕ ያለው መካከሉ ላይ ነው። እንግዲህ ባራይት የተጣበቀበትን ድንጋይ ቦልትስበርን ብዬ ስጽፍ፣ ድንጋዩ ራሱ የሚናገረውን ሳልሰማ ቀርቻለሁ።

«ታዲያ ማዕድን ማውጫው ድረስ ሄዶ ማመሳከር አይቻልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይቻልም። ቦልትስበርን የተዘጋው በ1932 ነው። በዊርዴል ለኢንዱስትሪ ፍሎራይት ሲያወጡ የቆዩት የመጨረሻዎቹ ማውጫዎች፣ ግሮቭሬክና ፍሬዘርስ ሃሽ፣ በ1999 ተዘግተዋል። ከእነዚህ ቦታዎች የሚመጣ ድንጋይ ሁሉ ቀድሞ ወጥቶ በሰው ቤት የቆየ ነው። ያ ድንጋይ ከየት እንደመጣ የሚመሰክረው ብጫቂ ወረቀት ብቻ ነው።

ወረቀቱ ራሱ ዘግይቶ የመጣ ልማድ ነው። የዊርዴል ቆፋሪዎች የሚፈልጉት እርሳስ ነበር፤ ፍሎራይቱን ከእርሳሱ ማዕድን ከጋሌና እየለዩ ከማውጫው ውጪ ይከምሩት ነበር። ዋጋ ያገኘው የብረት ማቅለጫዎች ቆሻሻውን ለማቅለጥና ለመለየት ሲፈልጉት ነው፤ ያን ጊዜ የድሮው ክምር ሳይቀር እየታፈሰ ተወሰደ። ይሁንና ቆፋሪዎቹ ያማረውን ክሪስታል ለይተው ወደ ቤታቸው የመውሰድ ልማድ ነበራቸው፤ «ቆንጆ ቁራጮች» ይሏቸው ነበር። ከነዚህም ውስጣቸው በክሪስታልና በመስታወት የተዋበ፣ ትንሽ ዋሻ የሚመስሉ ሣጥኖች ይሠሩ ነበር። በዊርዴል ራስጌ በሚገኘው የኪልሆፕ የእርሳስ ማዕድን ሙዚየም እነዚህ ሣጥኖች ለሕዝብ ይታዩ ነበር። ያን ድንጋይ በቀኑ በክንዳቸው ጉልበት ያወጡት ሰዎች ቦታውን ስለሚያውቁት መጻፍ አላስፈለጋቸውም። የልጅ ልጆቻቸው ሲሸጡት ግን ስሙ ጠፋ። በአንጻሩ ሰር አርተር ራስል (1878–1964) የእንግሊዝን ማውጫዎች እየዞሩ የሰበሰቡት በትክክለኛ መለያ የተያዘ ስለነበር፣ ዛሬ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል።

ብዙዎቻችሁ በተደጋጋሚ የጠየቃችሁን ሌላ ነገር አለ፦ የሮጀርሊ አረንጓዴ ለምን ተወደደ? ሮጀርሊ በፍሮስተርሊ መንደር አጠገብ ያለ የተተወ የኖራ ድንጋይ ካባ ነው። የፍሎራይት ኪሶቹ (በዐለቱ ውስጥ ክሪስታል ያደገባቸው ክፍተቶች) የተገኙት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከ1999 እስከ 2016 ለሰብሳቢዎች የሚሆን ናሙና ለማውጣት ብቻ በሕጋዊ መንገድ ተቆፍሯል። ከዚያ ወዲህ በዚያው ካባ ዲያና ማሪያ የተባለ ማውጫ ተከፍቷል። ለፋብሪካ የሚሆን ፍሎራይት በፈንጂ ተሰባብሮ በቶን ይለካል፤ ለመደርደሪያ የሚሆነው ግን ጥግና ጠርዙ ሳይነካ በእጅ መውጣት አለበት። ከአንድ ኪስ የሚወጣው ብዙው ጭቃና ስባሪ ነው። የምትከፍሉት ሳይሰበር ለወጣው ነው፤ የቦታው ስምም የተረጋገጠ ስለሆነ ነው።

አንዳንድ ወጣት ደንበኞቻችን ደግሞ «ዋጋው ከበዛ እኛው ራሳችን ወደ አሮጌ ማውጫዎች ገብተን እንለቅማለን» ብላችሁናል። ስለዚህ ጉዳይ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ፤ አትግቡ። በድሮ የእርሳስ ማውጫ ውስጥ ወለል የሚመስለው ሁሉ ወለል አይደለም። ቆፋሪዎቹ ከላይ ያለውን ሥር ሲያወጡ ጥቅም የሌለውን ድንጋይ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቆልሉት ነበር። ያ እንጨት መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ በውሃ ሲበሰብስ ቆይቷል፤ እናንተ የምትረግጡት ጠንካራ መሬት ሊመስላችሁ ይችላል፣ ከሥሩ ግን ብዙ ሜትር ባዶ አለ። ከራስ በላይ ያለውም እንዲሁ ነው፤ በአንድ የበሰበሰ ግንድ ላይ የተንጠለጠለ የድንጋይ ክምር አንድ ሰው ሲነካው ይወርዳል። አየሩ በተኛበት ጓዳ ኦክስጅን ሊያልቅ ይችላል፤ ሽታ ስለሌለው ማንም አይጠረጥረውም። ሜዳው ላይ ያሉት ቁልቁል ጉድጓዶችም አንዳንዶቹ በእንጨት ተከድነው ሣር በቅሎባቸዋል። ዕውቀት ያላቸው ሰዎች በቡድን፣ በገመድና በአየር መለኪያ፣ ፈቃድ ይዘው የሚገቡበት ቦታ አለ፤ ብቻውን የስልክ መብራት ይዞ ለሚገባ ሰው ግን ምንም ድንጋይ ሕይወቱን አያህልም።

ፈቃድ ያልኩትም ለወግ ያህል አይደለም። በእንግሊዝ የመሬቱ ባለቤትና ከሥሩ ያለው ማዕድን ባለቤት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከክምር ላይ እንኳ ሳይፈቀድ ማንሳት ስርቆት ነው። ብዙዎቹ ማውጫዎችም በልዩ የሳይንስ ጥበቃ ክልል ውስጥ ናቸው ወይም በታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግበዋል። በደርቢሸር በካስልተን የሚገኘውን፣ ሐምራዊና ነጭ ዥጉርጉር የሆነውን፣ ብሉ ጆን የተባለውን ፍሎራይት የማንሸጠውም ለዚህ ነው፤ ያልተሠራ ቁራጭ ይዘው ወደ ሱቃችን ለመጡ ሰዎች ከየት እንዳመጡት ማስረዳት ሲያቅታቸው መልሰናቸዋል። ወደፊትም እንዲሁ እናደርጋለን።

ስለ አያያዝ ጥቂት ልጨምር፤ በዚህ ዓመት ሦስት ሰዎች የተሰነጠቀ ድንጋይ መልሰውልናልና። ፍሎራይት ከ1 እስከ 10 ባለው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 4 ብቻ ነው፤ ቢላዋ ይጭረዋል። በአራት አቅጣጫ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ የኩብ ቅርጽ ያለው ክሪስታል ጥግ ሲመታ ተቆርጦ ይወድቃል። ድንገተኛ የሙቀት ለውጥም ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ በሙቅ ውሃ አትጠቡት፣ ከምድጃ ወይም ከማሞቂያ አጠገብም አታስቀምጡት። በክፍሉ ሙቀት ያለ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። እንደ ደላንታ ኦፓል ውሃ አይጠጣምና በዚህ አትስጉ። አረንጓዴውን በመስኮት ፀሐይ ላይ ለወራት አትተዉት፤ ቀለሙ ሊደበዝዝ ይችላል። አሲድ ፈጽሞ አታስጠጉት፤ ፍሎራይት ከጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ገዳይ ነው። ጋሌና የተጣበቀበትን ድንጋይ ስትነኩ እጃችሁን ታጠቡ፤ እርሳስ ነውና ልጆች እንዳይጫወቱበት።

ወደ ዘጠኙ ድንጋዮች ልመለስ። ድንጋዩን ብትመልሱልን የከፈላችሁትን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን፤ የፖስታ ወጪውንም እንሸፍናለን። ማስቀረት ከፈለጋችሁ ከዋጋው ግማሹን መልሰን አዲስ መለያ እንልክላችኋለን። እስከ ግንቦት መጨረሻ ብታሳውቁን ጥሩ ነው፤ ዘግይታችሁ ብትጽፉም ግን አንከለክላችሁም። የቀድሞው ሰብሳቢ የጻፏቸውን ወረቀቶች በሙሉ ፎቶ አንስተን ለዘጠኛችሁም እንልካለን፤ እናንተም አይታችሁ ልታገናዝቡ ትችላላችሁ። ከእንግዲህ በምንሸጠው ድንጋይ ሁሉ መለያ ላይ ቦታውን እንዴት እንዳወቅን እንጽፋለን፦ ከማውጫው ራሱ የገዛነው፣ ከድንጋዩ ጋር ከተጣበቀ አሮጌ መለያ ያገኘነው፣ ወይም እኛ የገመትነው እያልን። የገመትነውን ቦታው ባልተረጋገጠ ድንጋይ ዋጋ ብቻ እንሸጣለን።

መጀመሪያ የጻፉልን ደንበኛችን ገንዘባቸውን ልንመልስላቸው ብንልም ድንጋዩን ወድደውት ማስቀረትን መርጠዋል። አዲሱ መለያቸው ትናንት ተልኮላቸዋል። እንዲህ ይላል፦ «ፍሎራይት ከባራይት ጋር። ምናልባት እንግሊዝ። ማውጫው አልታወቀም።»

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የመደብሩ ባለቤት