የተጋደመች ስምንት

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለሰብለ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ብለው ሰባተኛ ክፍል ሲያስተምሩን ትዝ ይልሻል? አንቺ ሳቅሽ፣ እኔ እፎይ አልኩ። ምን እንደሚባል አስቀድሞ ተወስኗላ! መገመት የለብኝም። ያኔ ለምን እፎይ እንዳልኩ አላውቅም ነበር። አሁን አውቄያለሁ፤ ደብዳቤውም ስለሱ ነው።

ከሠርግሽ ወዲህ አራት ዓመት ሆነ። ኬክ ሳይቆረስ የጠፋች ሚዜ አንድ ነገር ማለት ነበረባት። አላልኩም። ሁለት ጊዜ ደወልሽ፣ «አሞኝ ነበር» አልኩሽ። ሦስተኛውን አላነሳሁትም። ከዚያ በኋላማ ማንሳቱ እየከበደኝ ሄደ። አንቺ አያት፣ እኔ ፒያሳ፣ አንድ ከተማ ውስጥ ሆነን እንደ ባሕር ማዶ ተራራቅን። ወደ ሠርጉ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አንድ የአንገት ጌጥ ልንገርሽ።

በቀደም ለታ አንድ ብር ሠሪ ጋ ሄድኩ። ፒያሳ እንደምታውቂው ፈርሳ ፈርሳ የምናውቃቸው ሱቆች ግማሾቹ የሉም፣ ግን ብር የሚሠሩ አንድ አባት አሁንም አሉ አሉኝ። ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየኋቸው።

«ይሄ ስምንት ነው» አሉኝ።

«አዎ፣ ግን የተጋደመ።»

«ማን አጋደመው?»

ምን ልበል? «ማለቂያ የለውም ማለት ነው» አልኳቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና፣ «ቀለበትስ ማለቂያ አለው እንዴ? ቀለበት ልሥራልሽ» አሉ። መልስ አጣሁ። ደግሞ እውነታቸውን ነው።

ከሳምንት በኋላ ሄጄ ወሰድኩ። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ትንሽ ይበልጣል፣ ያምራል። ቤት ገብቼ አንገቴ ላይ ሳደርገው ግን ተነስቶ ቆመ! ማንጠልጠያዋን በአንድ ጫፉ ብቻ በይደውባታል፤ ስለዚህ ሲንጠለጠል ተራ ስምንት ነው። ተመልሼ ሄድኩ። «ስምንት ቆሞ ነው የሚያምረው» ብለው ትንሽ ከተከራከሩኝ በኋላ በሁለቱም ጫፍ ሰንሰለት አሰሩልኝ። አሁን ተጋድሟል።

ሰብልዬ፣ ይሄ የኦቲዝም ምልክት ነው። ኦቲስቲክ ነኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ምልክቱን ግን አንቺ ትወጂዋለሽ። በቀስተ ደመና ቀለም ሲሆን አእምሯቸው ከተለመደው በተለየ መንገድ የሚሠራ ሰዎችን ሁሉ ይወክላል። ወርቃማው ግን የኦቲዝም ብቻ ነው። ለምን ወርቅ? በይ መልሺ፣ ኬሚስትሪ ነው። የወርቅ ምልክቱ ኤ-ዩ ነው፣ አውሩም ከሚለው ከላቲኑ። ኦቲዝምም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በነዚሁ ሁለት ፊደላት ነው የሚጀምረው። ዘጠነኛ ክፍል ፔሪዮዲክ ቴብሉን በሙሉ በቃሌ ስወጣው እስከ መጨረሻው የሰማሽኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ወርቅ 79፣ ብር 47። ገንዘቤ ታዲያ ለ47 እንጂ ለ79 አልደረሰም። ሰምና ወርቅ ነው እንዳልልሽ ወርቁ የለበትም፤ አንቺ ሙዪበት።

እንዴት እንዳወቅሁ ትጠይቂኛለሽ። የእህቴ ትንሹ ልጅ አራት ዓመት ሲሞላው አፉን አልፈታም ነበር። ምርመራ ሲወስዱት አብሬ ሄድኩ። ባለሙያዋ እህቴን ትጠይቃታለች። ዕቃ በተርታ ይደረድራል? የልብስ ስፌት ይረብሸዋል? ድምፅ ሲበዛ ጆሮውን ይይዛል? አንድ ነገር ከያዘ ስለሱ ብቻ ነው የሚያወራው? እህቴ አራተኛው ጥያቄ ላይ መመለሷን ትታ ዞር ብላ እኔን ታየኝ ጀመር። ባለሙያዋም ዞረች። ልጁ ብቻ ነው ያላየኝ፤ የወንበሩን ብሎን እየቆጠረ ነበር። ከወራት በኋላ እኔም በተራዬ ተቀመጥኩ፣ በ33 ዓመቴ።

እዚህ አገር ኦቲዝም ሲባል ሰው የሚያየው ሕፃን ነው። ዘሚ የኑስ በየሚዲያው ስለ ልጇ ስታወራ እናቴ ሳታመልጣት ታያት ነበር። በቁንጅና ሥራዋ የታወቀች ሴት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፍታ፣ ሰው ቤት ዘግቶ የሚደብቀውን ልጅ ወደ ውጭ ያስወጣች። እናቴ «ምስኪን ልጆች» ትላለች፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የጋቢዋን ጥለት ክር እቆጥራለሁ። ልጅ ያድጋል ያለ ሰው አልነበረም። ደግሞ «የኦቲዝም ተጠቂ» ይባላል። ማን አጠቃኝ? ጩኸት ካልሆነ በስተቀር የደረሰብኝ ጥቃት የለም።

ካወቅሁ በኋላ ታዲያ ልቤ ሁለት ሆነ። መናገር እፈልጋለሁ፣ መጠየቅ ግን አልፈልግም። ምልክት ፍለጋ የጀመርኩት ለዚህ ነው። የሚያውቅ እንዲያውቅ፣ የማያውቅ ጌጥ ነው ብሎ እንዲያልፍ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሱፍ አበባ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 እንግሊዝ ጋትዊክ አየር ማረፊያ የተጀመረ ነው፤ ቢጫ የሱፍ አበባ ያለበት አረንጓዴ የአንገት ማንጠልጠያ። በዓይን የማይታይ ጉዳት አለብኝ፣ ታገሡኝ ማለት ነው። የአጎቴ ልጅ ከለንደን አመጣችልኝ። አንድ ሳምንት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ዋልኩ። ይሄ ከተማ ደግሞ የስብሰባ ከተማ ነው፤ አንገቱ ላይ ነገር ያንጠለጠለ ሁሉ ወይ የተመድ ወይ የአፍሪካ ኅብረት ተሰብሳቢ ይመስላል። «የት ድርጅት ገባሽ?» አሉኝ። የሥራ ባልደረባዬ የሱፍ ዘይት የማስተዋውቅ መስሏት ዋጋ ጠየቀችኝ። የሕንጻችን ጥበቃ አደይ አበባ መስሏቸው «እንቁጣጣሽ አለፈ እኮ ልጄ» አሉ። አጠፍኩና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

የሚገጣጠም ሥዕል ቁራጭም አለ፣ ፓዝሉ። ከሁሉም የቆየው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ የእንግሊዝ ማኅበር ሲጀምረው መሐሉ ላይ የሚያለቅስ ሕፃን ነበረበት። እሱን አላደርግም። የጎደለኝ ቁራጭ የለም፣ አላለቅስም፣ ሕፃንም አይደለሁም። እሺ፣ አንዳንዴ አለቅሳለሁ።

ውጭ አገር ኦቲስቲክ ሰዎች ሲሰባሰቡ የሚያደርጉት ባጅ ደግሞ አለ። አረንጓዴ አናግሩኝ ነው፣ ቢጫ የማውቀው ሰው ብቻ፣ ቀይ ከሆነ ማንም አያናግረኝ። ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነበር። ግን እስቲ አስቢው፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይዤ አራት ኪሎ ብወጣ ለዓድዋ በዓል የተሰለፍኩ ነው የምመስለው። «አታናግሩኝ» ስል ሰው ሊያቅፈኝ!

ደግሞ እኮ እኛ በልብስ መናገር አዲሳችን አይደለም። እናቴ ነጠላዋን ያጣፋችበትን መንገድ ብቻ አይቼ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ይሁን ለቅሶ ልትደርስ አውቃለሁ። ጥለቱ ወደ አንገት ከወጣ ሐዘን ነው፤ ማንም «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ አይጠይቃትም፣ ድምፁን ዝቅ ያደርግላታል። ማተብም አለ፤ አንዲት ቀጭን ክር ስንቱን ጥያቄ ትመልሳለች። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ሰው አይቶኝ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግልኝ።

ነጠላን በነገራችን ላይ ለጆሮዬም አውዬዋለሁ። ትልቁን ሄድፎን ሞክሬ ነበር። ታክሲ ውስጥ ወያላው «ሂሳብ» ሲል አልሰማሁም፣ አንድ ሽማግሌ «ንቀት ነው» ብለው ጎረቤታቸውን አማከሩ። አሁን ትንንሽ የጆሮ መድፈኛ አድርጌ ከላይ ነጠላ እከናነባለሁ፤ ጨዋ ልጅ ተብዬ ተመርቄያለሁ። ለእጄ ደግሞ የሚሽከረከር ቀለበት አለኝ፤ ስብሰባ ላይ በጠረጴዛ ሥር አሽከረክራለሁ። ከዚያ በፊት የእማማን መቁጠሪያ ተውሼ ነበር፤ «ይሄ መጫወቻ አይደለም» ብላ ነጠቀችኝ። ልክ ነበረች።

ስምንቷን እስካሁን ያወቀ አንድ ሰው ብቻ ነው። አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርን። ከፊቴ ያለችው ልጅ ዞር ብላ አንገቴን አየች፣ ቀና ብላ ፊቴን አላየችም። ከዚያ ቦርሳዋ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ መያዣ በሁለት ጣቷ ከፍ አደረገችልኝ። የተጋደመች ስምንት፣ ባለ ቀስተ ደመና። ራሴን ነቀነቅኩ። እሷም ነቀነቀች። ታክሲው መጣ። ስሟን አልጠየቅኩም፣ እሷም የኔን። ሦስቴ መሳሳም የለ፣ «ቤተሰብ እንዴት ነው» የለ። በአዲስ አበባ ታሪክ አጭሩ ሰላምታ ሳይሆን አይቀርም። እስከ ቤቴ ደስ እያለኝ ሄድኩ።

በዚያው ማታ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። አንቺ ስምንትም ሆነ ሱፍ አበባ አላየሽም። ያየሽው ባዶ ወንበር ነው።

እንግዲህ ሠርጉ። የሚዜ ወንበሬ ከስፒከሩ ሦስት እርምጃ ያህል ነበር። ከበሮው በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ነው የሚገባው። የቪዲዮው መብራት ፊታችን ላይ ነው። ቀሚሱ አንገቱ ላይ ያለው ታግ ከጠዋት ጀምሮ እንደ መርፌ ይወጋኛል፣ እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ፈገግ ብያለሁ። አምስት ሰዓት ሙሉ። ቬልሽን ላስተካክልልሽ ስነሳ የሆነ ነገር አልሽኝ። ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ቃሉ አልገባኝም። አማርኛ አልመሰለኝም። ፈራሁ። መልስ ልሰጥሽ አፌን ስከፍት የኔም ቃል የለም።

በጓሮ በኩል ወጣሁ። ወጥ የሚያወጡት ሴቶች ጋ ደረስኩ። አንዷ አየችኝና ምንም ሳትጠይቅ ዱካ አስጠጋችልኝ፣ ቀዝቃዛ ውኃ በጆግ ሰጠችኝ። እዚያ ተቀምጬ የድስቶቹን ክዳን ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ናቸው። ከዚያ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ። በማግስቱም በሠልስቱም መናገር አልቻልኩም። ቂም አልነበረም፣ ቅናትም አልነበረም። የአክስትሽ ልጅ «ቀንታ ነው» ማለቷን ሰምቻለሁ። ቀንቼስ ቢሆን ኖሮ ኬኩን በልቼ ነበር የምሄደው።

ያን ጊዜ ምን ነበር ያልሽኝ? አራት ዓመት ሙሉ አስቤዋለሁ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጊዮርጊስ ግቢ፣ ከዛፎቹ ሥር እቀመጣለሁ። ያን ሰዓት ብዙ ሰው አይኖርም። ባትመጪም አልቀየምሽም። ከመጣሽ አትደውዪልኝ፣ ቴክስት አድርጊልኝ። ጆሮዬ ውስጥ ነገር ካየሽ መድፈኛው ነው፤ እየሰማሁሽ ነው። ዓይንሽን ካላየሁሽ ደግሞ ደህና እየሰማሁሽ ነው።

የሚዜ ቀሚሱ አሁንም አለኝ። ታጉን ቆርጬዋለሁ።

ያንቺው
ማርታ