ባህር ዛፉን አይሽጡት

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድሜም ደህና ነው፤ ያቺ የማናውቃት ሴት የሰጠችው ኩላሊት እየሠራለት ነው። በስልክ ስናወራ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ እማማም ከጎን እያለቀሰች፣ የጠየቁኝን በቅጡ ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። በቴሌግራም ልኬዋለሁ፤ ትንሿ ታንብብልዎ።

ከሁሉ በፊት ግን ባህር ዛፉን አይሽጡት። ነጋዴው ቀብድ ሰጥቶ ከሆነም ይመልሱለት። የምንከፍለው ዕዳ የለም።

«ኩላሊት በነጻ? እንዴት ተደርጎ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ስንት ዘመን የእድር ገንዘብ ያዥ ሆነው ደረሰኝ ሳይቆርጡ ሳንቲም ያልተቀበሉ ሰው፣ ይህን ቢጠይቁ አይፈረድብዎትም። እዚህ አሜሪካ ኩላሊት መሸጥም መግዛትም ወንጀል ነው። በፈረንጆቹ 1984 በወጣ ሕግ ተከልክሏል። የሆስፒታሉን ወጪ፣ የሴትየዋን ምርመራና ቀዶ ጥገና ጭምር፣ የሸፈነው የእሱ ኢንሹራንስ ነው። እሷ እጅ የገባ አምስት ሳንቲም የለም። እንዲያውም ከሥራ ስለቀረች ሳትከስር አልቀረችም።

በሳምንት ሦስት ቀን እየሄደ፣ በሄደ ቁጥር አራት ሰዓት ያህል ደሙን ከሚያጣራለት የዲያሊሲስ ማሽን ጋር ታስሮ እንደሚውል ያውቁ ነበር። የውሃውን ነገር ግን እንዳይጨነቁ ብለን አልነገርንዎትም። ሽንት አይሸናም ነበር። የጠጣው ሁሉ እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ስለሚቀር፣ የቀን ውሃው በልክ ነው። ሜሪላንድ በሐምሌ ትወብቃለች፤ እሱ ቁጭ ብሎ የበረዶ ቁራጭ ይመጥ ነበር። ሙዝ አይበላም፣ ቲማቲም የበዛበት ወጥ አይበላም። ቤት ውስጥ ውሃ ስንጠጣ እንኳ ተደብቀን ነበር።

እኔ ልስጠው ብዬ ተመርምሬ ነበር። የእኔ ደም ኤ ሆነ፣ የእሱ ኦ ነው። ኦ ለሁሉም ይሰጣል፣ ሲቀበል ግን ከኦ ብቻ ነው። ባለቤቴም ልስጠው ቢል ግፊት አለብህ ተባለ። እርስዎ «የእኔን ውሰዱ፣ ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል» ያሉትን ለሐኪሙ ነግሬው ነበር። ዕድሜዎን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ፈገግ አለና «አባትህን ሰላም በልልኝ» አለው ወንድሜን።

ተራ መጠበቅ ብቻ ቀረ። ተራው ደግሞ ረጅም ነው፤ በዚህ አገር ኩላሊት የሚጠብቀው ሰው 90 ሺህ ገደማ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ከሆስፒታል ተደወለ። እኛ ከሞተ ሰው የተገኘ መስሎን ነበር። «አይደለም፣ በሕይወት ያለ ሰው ነው። ማንነቱን ግን አንነግራችሁም» አሉን።

«ዘመድ ሳትሆን እንዴት ተፈቀደላት?» ብለው ነበር። ልክ ነዎት፣ እኛ አገር ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ኩላሊት መትከል ሲጀምር በሕይወት ያለ ለጋሽ የታማሚው ዘመድ መሆን ነበረበት። እዚህም አብዛኛው ሰጪ ዘመድ፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ወዳጅ ነው። ግን በዓመት ጥቂት መቶ ሰዎች በራሳቸው እግር ሆስፒታል ሄደው «አንዱን ኩላሊቴን ለሚያስፈልገው ስጡልኝ» ይላሉ። ለማን እንደሚደርስ አይመርጡም። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ዝም ብለው አይቀበሉትም፤ እኔም ብሆን አእምሮው ጤነኛ መሆኑን አስቀድሜ እጠይቅ ነበር። ደሙን፣ ልቡን፣ ሳንባውን ያያሉ። ማን አስገደደህ፣ ማን ከፈለህ ብለው ይመረምሩታል። የእሱን ጥቅም ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይመድቡለታል። ቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ላይ ደርሶ «ተውኩት» ቢልም የሚወቅሰው የለም።

እሷ አልተወችውም።

አባባ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሆነውን በስልክ አፍሬ ዘለልኩት። አልጋው ጎን የሽንት ከረጢት ተንጠልጥሏል። ነርሷ በየሰዓቱ እየመጣች ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ትደፋለች። መጀመሪያ ቀላ ያለ ነበር፤ ቆይቶ ጠራ። ባለቤቴ ከረጢቱን እንደ ቴሌቪዥን ፈጦ ሲያየው ነርሷ ሳቀችበት። በነጋታው ወንድሜን «ብዙ ውሃ ጠጣ» ብለው አዘዙት። ማመን አቅቶት «ስንት?» ብሎ ጠየቃት። «የቻልከውን ያህል» አለችው። አንዱን ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰና እኔን እያየ ሌላ ቅጂ አለ።

አሮጌዎቹን ኩላሊቶች አላወጡለትም። አዲሱን ከታች፣ በሆዱ በኩል ነው የተከሉት። ስለዚህ አሁን ሦስት አሉት። እማማ በዚህ ትሳቅ። ከሕያው ሰው የተወሰደ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይሠራል ይላሉ። ሰጪዋም በቀረው አንዱ በደንብ ትኖራለች፤ የቀረው ትንሽ ተለቅ ብሎ ከበፊቱ የበለጠ ይሠራል።

ማን ናት? ስሟን እስካሁን አናውቅም። የምስጋና ደብዳቤ በሆስፒታሉ በኩል ላክን። የአባት ስማችንና አድራሻችን ተሰርዞ ነው የተላለፈው። መልስ የመስጠት ግዴታ የለባትም ብለውን ስለነበር አልጠበቅንም። ከወራት በኋላ ካርድ መጣ። ሴት መሆኗን ያወቅነው ያኔ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፣ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፣ ውሻዬን እንደ ድሮዬ አንሸራሽራለሁ፣ ስለ እኔ አትጨነቁ ትላለች። ጽሕፈቷ ትልልቅና የተንጋደደ ነው። ለምን እንዳደረገችው አንድ ቃል የለበትም። እኔ ሦስት አራቴ አገላብጬ ጀርባውን ሁሉ አይቻለሁ።

እርስዎ «ምን ፈልጋ ነው?» ብለዋል። በእድር ያደገ ሰው እንዲህ ቢያስብ ያለ ነው። በየወሩ ይዋጣል፣ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ ይተከላል፣ ያልከፈለ ይቀጣል። ዛሬ የቆመልኝ ሰው ነገ እኔም እንደምቆምለት ያውቃል። ሴትየዋ ግን የማን መዝገብ ላይ ናት? ብድሯን እንመልስ ብንል በር የላትም። ነጠላ ልላክላት ብዬ ጠይቄ ነበር፣ ደብዳቤ ብቻ ነው የምናስተላልፈው አሉኝ። እኔ እንደገባኝ እንዲመለስላትም አልፈለገች፤ ቢሆንማ ዘመዷ እስኪቸግረው ትጠብቅ ነበር። ይህ አይዋጥልዎትም፣ አውቃለሁ። እሱም አልተዋጠለትም። «ቢያንስ ብትቆጣኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር» ይላል።

እማማ ለጸሎት የክርስትና ስሟን ጠይቂልኝ ብላለች። ሃይማኖቷንም አላውቅም። አባ ምን እንደሚሉ እሳቸውን ትጠይቃቸው፤ እግዚአብሔር እንደሆነ አድራሻዋን አያጣውም።

እሱ ከአሁን በኋላ መድኃኒቱን በየ12 ሰዓቱ ሳያዛንፍ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ሰውነቱ እንግዳውን ኩላሊት እንዳይዋጋው ነው። መድኃኒቱ በሽታ የመከላከል አቅሙን ስለሚያደክም ጥሬ ሥጋ አከተመ። ክትፎም ለብለብ የሚባል የለም፣ በደንብ ይበስላል። አገር ቤት ሲመጣ ጎረቤት «ትንሽ ቅመስ» እያለ እንዳያስቸግረው ከአሁኑ ያስጠንቅቁልኝ። ሐኪሙ ጉዞ የሚፈቅድለትን ጊዜ ሲነግረን እደውላለሁ።

ለእማማ ደግሞ፣ በርበሬውን ስታስፈጭ የእሱን ጨው ሳትጨምርበት ለብቻ ታድርግለት። ላስቲኩ ላይ በትልቁ ይጻፍበት፣ አለዚያ እኔ ነኝ የምጨርሰው። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ሲገኝም ሻንጣው ሳይሞላ ቀድማችሁ ያዙት።

ልጅዎ