ለደንበኞቻችን፦ ስለ ሦስቱ የፍተሻ ቀናትና ስለ ወፍራም ፍራሽ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ያገለገለ ፖፕ አፕ ካምፐራችሁን (በመኪና የሚጎተተውን፣ ጣሪያው ተነሥቶ አልጋዎቹ ወደ ውጭ የሚሳቡለትን የሸራ ማደሪያ) አልጋ እንድንሠራለት ላስረከባችሁን ሁሉ ባለፈው ወር አንድ አጭር መልእክት ልከንላችሁ ነበር። መልእክቱ፣ ከእንግዲህ ማንኛውም ካምፐር ሦስት ቀን ሳይፈተሽ የአልጋ ሥራ እንደማንጀምርለት፣ ወደ ውጭ በሚሳቡት አልጋዎች ላይም ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ፍራሽ እንደማናስገባ የሚገልጽ ነበር። ብዙዎቻችሁ የጉዞ ቀናችሁን ቆርጣችሁ፣ ልጆቻችሁንም በተስፋ ሞልታችሁ ስትጠብቁ እንደ ነበር የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ስልኩ ያለማቋረጥ ሲጮኽ ነው። አስቀድሜ ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ስላላደረግሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ውሳኔውን ግን አልቀየርኩም። “ገንዘብ ለመጨመር የተፈለገ ሰበብ ነው” የሚል ቃል ከአንድ በላይ ከሆኑ ደንበኞቻችን መስማቴም ይህን ደብዳቤ ረዘም አድርጌ እንድጽፍ አስገድዶኛል። ይህን ከተናገሩት አንዱ ሁለት ካምፐር ያሠራን፣ ሌሎች ደንበኞችንም ወደ እኛ የላከልን ሰው ነው። ከማያውቀኝ ሰው ቢመጣ ኖሮ ይህን ያህል ባልተሰማኝ ነበር።

ለውሳኔው ምክንያት የሆነን አንድ ካምፐር ነው። ባለቤቶቹ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍራሽ ፈለጉ፤ እኔም ጣሪያው ላይ ችግር እንደሚያመጣ ብነግራቸውም የደንበኛን ፊት ላለማስከፋት ብዬ ሠራሁላቸው። ከሦስት ወር በኋላ “አልጋው ይሸታል” ብለው መለሱት። ፍራሹን ስናነሣው የታችኛው ገጽ በጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ ተሸፍኗል። ከሥሩ ያለውን ኮምፔንሳቶ ማእዘኑ ላይ በካቻቢቴ ጫን አልኩት፤ ጉልበት ሳልጨምር ብረቱ እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ካቻቢቴውን ስነቅለው አብሮ የወጣው እንጨት ሳይሆን በጣት የሚፈረፈር እርጥብ ቡኒ ነገር ነበር። በዚያ ጣውላ ላይ ሁለት ሕፃናት ይተኙ ነበር። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። ካምፐሩ ሲታጠፍ አልጋዎቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ጣሪያውም በላያቸው ይወርዳል። ፋብሪካው ለፍራሽ የተወው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ የወፈረ ፍራሽ ጣሪያውን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በዚህ ጊዜ ሰው የጣሪያውን መቆለፊያ በኃይል ስቦ ስለሚዘጋው ካምፐሩ የተዘጋ ይመስላል እንጂ የጎማው ማሸጊያ በትክክል አልተቀመጠም። በጉዞ ላይ ዝናብ በዚያች ጣት በማታስገባ ክፍተት ይገባል፤ በላስቲክ የተለበጠው ፍራሽ ደግሞ ውሃውን ከሥሩ ይዞ ያስቀረዋል። የዚያን ካምፐር ጣውላ በራሳችን ወጪ ቀየርን፤ ቤተሰቡም ዛሬ ድረስ ደንበኛችን ነው።

አንዳንዶቻችሁ “ታዲያ ቀጭን ፍራሽ ላይ ጀርባችን ይጎዳ?” ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ምቾት በውፍረት ብቻ አይመጣም። አንዱ ሜትር ኩብ 20 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ስፖንጅ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እንኳ ከባድ ሰው ሲተኛበት ዳሌው ስር ተጨፍልቆ ጣውላው ይሰማል። አንዱ ሜትር ኩብ 35 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ግን በ10 ሴንቲ ሜትር ይሸከማል። እኛ የምንሠራው በዚህኛው ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ቅዝቃዜው ከሥር መምጣቱ ነው፤ የሚሳበው አልጋ ከካምፐሩ ወጥቶ አየር ላይ ስለሚንጠለጠል ነፋስ ከታች ያልፍበታል። በዚያ ላይ ሁለት ሰዎች ተኝተው በሚያድሩበት ጊዜ ከትንፋሻቸውና ከላባቸው የሚወጣው እርጥበት ግማሽ ሊትር ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ እርሱም ቀዝቃዛውን ጣውላ ሲያገኝ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ስለዚህ ከፍራሹ ሥር መጀመሪያ ውሃ የማይመጥጠውን ስስ ፎም፣ በላዩም አየር የሚያሳልፍ መረብ እናነጥፋለን፣ የላስቲኩን ልባስም በሚተነፍስ ጨርቅ እንቀይራለን። እናንተም ብርድ ቢሆን እንኳ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት መስኮቶች ዚፕ ጥቂት ከፍታችሁ እንድታድሩ አደራ እላለሁ።

ስለ ሦስቱ ቀናት ደግሞ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን ካምፐሩ ተዘርግቶ በውሃ ልክ ከተስተካከለ በኋላ ጣሪያውና የሸራው ስፌት በጎማ ቱቦ ውሃ ለአንድ ሰዓት ይዘንብበታል። በማግስቱ ወለሉና የአልጋው ጣውላ በእርጥበት መለኪያ ይታያል፤ እንጨት ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ከያዘ የመበስበስ አደጋ ስላለበት ሳይደርቅ አልጋ አንገጥምበትም። ሸራው ደግሞ እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ሊጀምረው ስለሚችል ጨርሶ ሳይደርቅ አናጥፈውም። አየሩ ዳመና ከሆነ ሦስቱ ቀን አራት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ፀሐይን ልናዝዛት አንችልም።

በሦስተኛው ቀን ጣሪያውን የሚያነሡት የሽቦ ገመዶች፣ ኩሽኔታዎቹና ጎማዎቹ ይታያሉ። ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ሁሉ አዲስ አይደለም፤ ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ተመልከቱ፣ 2314 ቢል እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ቆሞ የኖረ ካምፐር ጎማው የሚያልቀው በመንገድ ሳይሆን በዕድሜ ነው። ከዚያም የጋዙ መስመር ይፈተሻል። “ጋዙ ከአልጋ ጋር ምን አገናኘው?” ያለኝ ደንበኛ አለ። የምድጃው ጋዝ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ጋዝ ሲነድ ሊወጣ የሚችለው መርዛማ ጭስ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰውም አይነቃበትም። የምንሠራው ሰው የሚተኛበትን ቦታ ስለሆነ፣ ስለ ሁለቱም የሚያስጠነቅቅ፣ ጊዜው ያላለፈበት መሣሪያ ሳይገጠምለት ከግቢያችን የሚወጣ ካምፐር የለም። ምድጃ ለኩሶ ካምፐር ማሞቅንም በምንም መንገድ አትሞክሩት።

ይህን ሥራ የጀመርኩት ለንግድ ብዬ አልነበረም። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ያገለገለ ካምፐር ገዛሁ፤ በመጀመሪያው ሌሊት ከፍራሹ ሥር ያለው ብረት ወገቤን ሲወጋኝ ቆይቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነጋሁ። ባለቤቴ መጋረጃውን ሰፋች፣ እኔም አልጋውን ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት። ጎረቤት አይቶ “ለእኔም” አለ። ዛሬም መጋረጃችሁን የምትሰፋው እርሷ ናት፤ አልጋው የተጠናቀቀ ካምፐር ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊትም አንድ ሌሊት እኔ ራሴ እተኛበታለሁ። ጣውላው ቢንቋቋ፣ ዚፑ ነፋስ ቢያስገባ፣ መብራቱ ዓይን ላይ ቢያርፍ ከእናንተ በፊት እኔ እንዳውቀው ነው። ይህን የማደርግ ሰው በፍተሻ ስም ሊያታልለን ነው መባል ከብዶኛል፤ አልደብቃችሁም።

ወጪው መጨመሩም እውነት ነው። ስፖንጁ፣ የሸራው ጨርቅና ማጣበቂያው የሚመጣበት ዋጋ ከአምናው ጋር የሚተያይ አይደለም። አንድ አቅራቢ ቀለል ያለውን ስፖንጅ በግማሽ ዋጋ ሊሰጠኝ ለመነኝ፤ ከውጭ ሲታይ ልዩነቱን ማንም አያውቀውም ነበር። አልወሰድኩም። የፍተሻው ክፍያ ካምፐሩን ሦስት ቀን የሚከታተለውን ሠራተኛ ደመወዝ ከመሸፈን አያልፍም፤ አልጋውን እኛ ዘንድ ላሠራ ሰው ደግሞ ከጠቅላላ ሒሳቡ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀነሳል። ይህንን በመልእክቱ ውስጥ አለመጻፋችን ስሕተት ነበር፤ ብዙው ቅሬታም የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

አሁን በግቢያችን ዘጠኝ ካምፐሮች አሉ። አራቱ ፍተሻውን አልፈዋል፤ ሰኞ ሥራቸው ይጀመራል። በሦስቱ ላይ ወለሉ እርጥበት ስለያዘ በማድረቅ ላይ ነን፤ የሁለቱ ጣሪያ ስፌት ያፈስሳል፣ ለባለቤቶቻቸውም ፎቶግራፉን ልከናል። መጠበቅ የማትችሉ፣ ወይም እኛን ማመን የከበዳችሁ ብትኖሩ ቀብዳችሁን ሳናጎድል እንመልሳለን፣ ካምፐራችሁም ታጥቦና ደርቆ ይጠብቃችኋል። ብትቆዩልን ግን ደስታችን ነው፤ ይህ ቤት እስከ ዛሬ የቆመው ደንበኛ ደንበኛን እየጠራለት እንጂ በማስታወቂያ አይደለም።

ወፍራሙን ፍራሽ አስቀድማችሁ ያዘዛችሁ ሁለት ቤተሰቦች አትጨነቁ፤ ስፖንጁን ያለ ተጨማሪ ክፍያ በ10 ሴንቲ ሜትር እንደገና ቆርጠነዋል፣ ከተረፈውም ለልጆቹ ትራስ ወጥቶለታል። ስማችሁ ተጽፎበት መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት